የዝንቧን ወገን የለየው ሊቅ፤ አልፍሬድ ስተርትቫንት

በበሰለ ሙዝና በጠላ ጋን አፍ ላይ የምታንዣብበውን ታናሽ ዝንብ እሽ ብለን እናባርራታለን እንጂ፣ ስምና ወገን አላት ብለን የምናስብ ጥቂቶች ነን። ነገር ግን በዘር ውርስ ትምህርት ውስጥ የዚህችን ዝንብ ያህል ሰውን ያስተማረ ፍጥረት ማግኘት ያስቸግራል። ወገኗ ድሮሶፊላ ይባላል፤ ይህንንም ስም በ1823 ያወጣው ፋሌን የተባለ የስዊድን ሊቅ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ወገኑን በሥርዓት ከከፋፈሉት ሊቃውንት አንዱና ዋናው ግን አልፍሬድ ሄንሪ ስተርትቫንት ነው።

ስተርትቫንት በ1891 በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት ተወለደ። ለእናት ለአባቱ ስድስተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። ሰባት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ አላባማ ሄዶ እርሻ ያዘ። ልጁም የአባቱን ፈረሶች የዘር ሐረግ እየመዘገበ አደገ። በ1908 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከታላቅ ወንድሙ ዘንድ ተቀመጠ፤ ስለ መንደል ሕግ እንዲያነብ ያበረታታውም ይኸው ወንድሙ ነው። ወጣቱ የፈረሶቹን ቀለም በዚያ ሕግ መርምሮ የጻፈውን ለመምህሩ ለቶማስ ሞርጋን ቢያሳየው፣ ሞርጋን እንዲያሳትመው መከረው፤ ኋላም ዝንቦች በጠርሙስ በሚረቡበት ክፍል ቦታ ሰጠው።

በ1911 አንድ ምሽት ስተርትቫንት የመምህሩን የሙከራ ቍጥሮች ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ዕድሜው ገና 19 ነበር፤ የመጀመሪያ ዲግሪውንም አልጨረሰም። አብረው የሚወረሱ ጠባዮች የሚለያዩበት መጠን በክሮሞሶም ላይ ያላቸውን ርቀት ያሳያል ብሎ አሰበ። የቤት ሥራውን ትቶ አብዛኛውን ሌሊት ሲያሰላ ቆየና የመጀመሪያውን የክሮሞሶም ካርታ ሠራ። ሥራው በ1913 ታተመ። ዛሬ የሰውን የጂን ካርታ ስናይ፣ መነሻው የአንድ ተማሪ የአንድ ሌሊት ድካም መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ስተርትቫንት ቀይና አረንጓዴ ቀለም መለየት የሚያዳግተው ሰው ነበር፤ ይህ ግን ዝንብ ከመለየት አላገደውም። በ1919 ሁሉም አንድ ዓይነት ናት ብለው ከሚያዩአት ዝንብ መካከል ሌላ ዝርያ አውጥቶ ሲሙላንስ ብሎ ሰየማት። ሁለቱ ቢዳቀሉ ልጆቻቸው መካን ይሆናሉ። በ1921 የሰሜን አሜሪካን ድሮሶፊላዎች፣ በ1942 ደግሞ የመላውን ወገን አከፋፈል አሳተመ። የውጭ መልክ ብቻ አላመነም፤ ሆድ ዕቃቸውን ከፍቶ፣ በእንቍላላቸው ላይ ያሉትን ክሮች ቈጥሮ አመሳከረ። በ1939 ከወገኑ ውስጥ ሶፎፎራ የተባለ ንዑስ ወገን ለየ። ትርጉሙ ጥበብ ተሸካሚ ማለት ሲሆን፣ በሙከራ ቤቶች የታወቀችው ሜላኖጋስተር ከዚያ ውስጥ ገባች።

ይህ አከፋፈል ከሞቱ በኋላም ክርክር አስነሣ። ወገኑ በዝምድና ይከፈል ከተባለ ሜላኖጋስተር ድሮሶፊላ መባሏ ሊቀር ሆነ። በ2010 ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስም ኮሚሽን ስሟን በልዩ ውሳኔ እንዲያስጠብቅ የቀረበለትን ጥያቄ አልተቀበለም፤ ስሟ ግን እስካሁን አልተለወጠም።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከግንደወይን፣ ከብቸና ወይም ከሞጣ የመጣን ተማሪዎች ዓባይን ተሻግረን በሰላሌ በኩል ስንጓዝ በፍቼ አካባቢ እናልፋለን። ከፍቼ የተሰበሰቡ ዝንቦች በውጭ አገር ሙከራ ቤቶች ተጠንተዋል። በ2014 የወጣ ጥናት የሜላኖጋስተር ጥቁረት ከፍተኛ ደረጃ የሚደርሰው በኢትዮጵያ መሆኑንና ከፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ጋር መያያዙን ገለጸ። የደጋችን ዝንብ የዓለም ሊቃውንትን ስታነጋግር፣ እኛ ግን ስንቶቻችን ጠርሙስ ይዘን ወጥተናል?

ስተርትቫንት በ1970 በካሊፎርኒያ በፓሳዲና ዐረፈ። ለተማሪ የተወው ትምህርት ቀላል ነው፤ በቤትህ ደጅ ያለውን ፍጥረት ለይተህ ሳታውቅ ስለ ሩቁ አታውራ።