የግራናይትን ምስጢር በወንዝ ዳር ያገኘው ሐኪም

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ኸተን እ.ኤ.አ. በ1726 በኤደንብራ ከተማ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ፡፡ ሕክምና አጥንቶ በ1749 በሆላንድ ላይደን ዶክትሬቱን ቢቀበልም በሙያው አልገፋበትም፤ ከአባቱ በወረሰው መሬት ላይ ገበሬ ሆነ፡፡ ዝናብ የማሳውን አፈር እያጠበ ወደ ባሕር ሲወስደው ማየቱ አንድ ጥያቄ አጫረበት፡፡ አፈሩ ሁልጊዜ ከተጠረገ አዲስ የብስ ከየት ይመጣል?

መልሱን በ1785 ለኤደንብራ ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ፡፡ የምድር ውስጥ ሙቀት አለትን ያቀልጣል፣ ወደ ላይም ይገፋል አለ፡፡ በዘመኑ ግን ግራናይት ከጥንታዊ ውቅያኖስ የረጋ የመጀመሪያው አለት ነው የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነበር፤ የዚህ ወገን መሪ ጀርመናዊው አብርሃም ቨርነር ነው፡፡ እውነቱን ለመናገር ኸተን ስለ ግራናይት የያዘው ማስረጃ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፡፡

ስለዚህ ፍለጋ ወጣ፡፡ ከወራት በኋላ ከወዳጁ ጆን ክለርክ ጋር የአቶል መስፍን እንግዳ ሆኖ ግሌን ቲልት ወደተባለው ሸለቆ ወረደ፡፡ እዚያም በወንዙ ዳር ቀይ ግራናይት ጠቆር ያለውን አለት ሰነጣጥቆ እንደ ደም ሥር ተሠራጭቶ አገኘው፡፡ ፈሳሽ ባይሆን ኖሮ እንዲህ ሰርጎ ባልገባ፤ ከሰነጠቀው አለትም በዕድሜ ያንሳል ማለት ነው፡፡ በደስታ ሲፈነጥዝ ያዩት መንገድ መሪዎች ወርቅ ወይም ብር ያገኘ መስሏቸው ነበር ይባላል (ምን አጠፉ!)፡፡

ኸተን ያልደረሰበት ደግሞ አለ፡፡ ግራናይት በአንድ ጊዜ ከፈሳሽ ወደ ድንጋይ አይለወጥም፡፡ ሲቀዘቅዝ ክሪስታሎቹ ቀስ በቀስ ይበዛሉ፣ ይያያዛሉ፤ ቀሪው ቅልጥ በመካከላቸው ይቀራል፡፡ ይህን ግማሽ ጠጣር የምድር ቅርፊት እንቅስቃሴ ሲጨምቀው፣ ሰፈፍ ሲጨመቅ ማሩ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ቅልጡ ግፊቱ ወደቀለለበት ይሸሻል፡፡ ክሪስታሎቹ ሲገፋፉም በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠራል፤ ቅልጡ ወደዚያ ይሳባል፤ ስንጥቅ ካገኘ ይሞላዋል፡፡ በዚህ የተነሣ አንዳንዱ የግራናይት ሥር የሚያልፈው በባዕድ አለት ሳይሆን ገና ረግቶ ባልጨረሰው በራሱ በግራናይቱ ውስጥ ነው፡፡

ኸተን ንድፈ ሐሳቡን በ1795 በሁለት ቅጽ አሳተመ፡፡ አጻጻፉ ከባድ በመሆኑ አንባቢ አልቀናውም፡፡ በ1797 አረፈ፤ ሐሳቡን ለብዙዎች ያደረሰው ወዳጁ ጆን ፕሌይፌር በ1802 ባወጣው መጽሐፍ ነው፡፡ የግሌን ቲልቱን ጉዞ የያዘው ሦስተኛው ቅጽ እስከ 1899 ማተሚያ ቤት አልገባም፡፡ ክለርክ የሣላቸው ሥዕሎች ደግሞ የተገኙት በ1968 ነው፡፡