ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስና የመቅደላ ፎቶግራፎች

ልዑል ዓለማየሁ ከዐፄ ቴዎድሮስና ከእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ በ1853 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአምባሰል በስተ ምዕራብ የሚገኘው መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በእንግሊዞች እጅ ሲወድቅ ሰባት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር።

ከጦሩ ጋር በሳጅን ጆን ሃሮልድ የሚመራ የፎቶግራፍ ቡድን ዘምቶ ስለ ነበር አምባውና ገደሉ በመስታወት ሰሌዳ ላይ ቀርተዋል። ሥራው አድካሚ ነበር። ሰሌዳው ኮሎዲዮን ተቀብቶ፣ በብር ውሁድ ተነክሮ፣ ሳይደርቅ ሥዕሉ ተነሥቶ መታጠብ ስለሚገባው፣ ጨለማው ድንኳንና መድኃኒቱ ሁሉ ከካሜራው ጋር ተራራ ለተራራ ይጓዝ ነበር። ዓላማውም የተራራውን ውበት ማሳየት ሳይሆን ጦሩን ማገልገል ነበር።

ሕፃኑ ልዑል ከአምባው ተወሰዱ፤ እናታቸው በመንገድ ላይ አረፉ። በዚያው ክረምት በዋይት ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በዚሁ እርጥብ ሰሌዳ፣ የሀገራቸውን ልብስ እንደ ለበሱ፣ ፎቶግራፍ አነሣቻቸው። ይህ ምስል ከሃሮልድ ሥራ ይልቅ ዝነኛ ሆኗል፤ ይሁን እንጂ ከመቅደላው ጎን ካልታየ የጎደለ ነው፤ የተነጠቁት ልጅ ከየት እንደ ተነጠቁ አይናገርምና።

ልዑሉ በራግቢና በሳንድኸርስት ተምረው፣ ኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ በ18 ዓመታቸው ዐረፉ፤ በዊንዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበሩ። ዐፅማቸው እንዲመለስ ከቤተ ዘመድ የቀረበውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. አልተቀበለውም።