አባ ጅፋርን ስናነሳ የማንጠራቸው



በቅርቡ ለሥራ ጉዳይ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሄጄ ነበር። ተራ የሚጠብቁ የከባድ መኪና ሾፌሮች ሻይ ከሚጠጡባት አንዲት ዳስ ውስጥ አረፍ አልኩ። አጠገቤ የነበረው ሾፌር ቡና ጭኖ የመጣ የጅማ ልጅ ነው። የመኪናው መስታወት ላይ የአባ ጅፋር ምስል ተለጥፏል። ስለ ምስሉ ብጠይቀው ደስ ብሎት ይነግረኝ ጀመር፤ ዲናቸውን ያከበሩ፣ ሀገራቸውን ከእሳት ያወጡ፣ ብልህ ንጉሥ መሆናቸውን አወሳ። እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ አዳመጥኩ። ፊት ለፊታችን የተቀመጠ አንድ ጫኝና አውራጅ ግን ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ፣ ቅድመ አያቱ ከከፋ ተፈንግላ በሂርማታ ገበያ የተሸጠች ሴት እንደነበረች ተናገረ። ይህን ብቻ ብሎ የሻዩን ሒሳብ ከፍሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሾፌሩም እኔም የምንለው አጣን።

እኔን ያሳፈረኝ ሌላም ነገር ነበር። ከዓመታት በፊት ስለ አባ ጅፋር ረዘም ያለ ጽሑፍ ጽፌያለሁ። በዚያ ጽሑፍ ስለ ባሪያዎች አንዲት መስመር አላሰፈርኩም። አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ያነበብኩት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ዛሬ እንደገና ልንገራችሁ። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ አባ ጅፋር ማን ነበሩ? የእስልምና ስማቸው መሐመድ ኢብን ዳውድ ነው። አባታቸው አባ ጎሞል በ1878 ሲሞቱ ገና በወጣትነታቸው የጅማን ዙፋን ወረሱ። ያን ጊዜ በግቤ አካባቢ ሊሙ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ የሚባሉ ሌሎች የኦሮሞ መንግሥታትም ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ የሸዋው ምኒልክ ጦር በራስ ጎበና ዳጬ እየተመራ ወደ አካባቢው ደረሰ። ወጣቱ ንጉሥ የተዋጊዎቹን ብዛትና የጠመንጃውን ኃይል መዘኑ። ብልህነታቸው የሚነገርላቸው እናታቸው ጌኔ ጉሚቲም በሰላም ማደርን እንደመከሯቸው ይነገራል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ግብር ለመክፈል ተስማምተው ገቡ። በዚህም የተነሳ ጎረቤቶቻቸው ሲወድሙ ጅማ ሳትቃጠል ቀረች፤ በውስጥ አስተዳደሯም በራሷ ንጉሥ እንደተመራች ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆየች።

ያ ዕድሜ በከንቱ አልባከነም። ዑለማዎች ከየአቅጣጫው ወደ ጅማ መጡ፤ መስጊዶችና የቂርአት ቤቶች በዙ። ለሐጅ የሚሄዱ የሀገራቸው ሰዎች የሚያርፉበት ቤት በመካ አዘጋጁ። የሂርማታ ገበያ ከየሀገሩ የመጣ ነጋዴ በሰላም ገብቶ የሚወጣበት፣ በደቡብ ምዕራብ ታላቁ ገበያ ሆነ። በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም ቆሞ ይጎበኛል። የጅማ አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ይጠራል፤ በ2018 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው የጅማ የእግር ኳስ ቡድንም እንዲሁ።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ እውነቱ በዚህ አያበቃም። በዚያው በሂርማታ ገበያ ከቡናው፣ ከዝባዱና ከዝሆን ጥርሱ ጋር ሰው ይሸጥ ነበር። ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከጊሚራና ከማጂ የተፈነገሉ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በዚያ ለገዢ ቀርበዋል። ንጉሡ ከምኒልክ ጦር ጋር ሠራዊታቸውን አሰልፈው በ1894 በወላይታ፣ በ1897 ደግሞ በከፋ ዘመቻ ተካፍለዋል። ከነዚያ ዘመቻዎች የተመለሰው ሠራዊት ምርኮኛ ይዞ ነው የተመለሰው። የአባ ጅፋር የግል ባሪያዎች ከ10 ሺህ በላይ ይደርሱ እንደነበር ተጽፏል። ማሳውን ያረሱ፣ እህሉን የፈጩ፣ ውሃውን የቀዱ፣ በጅሬን ግቢ ደፋ ቀና ያሉ እነርሱ ናቸው። ጥቂቶቹ በቤተ መንግሥቱ ሹመት ያገኙ ቢሆንም የጌታቸው ንብረት ከመሆን አላመለጡም።

ከጅማ አካባቢ የተነሳው የባሪያ ንግድ አንዱ መስመር በሸዋ በኩል አድርጎ ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። በየረር ተራራ አጠገብ የነበረው የሮጌ ገበያ፣ ከዚያም በአንኮበር አቅራቢያ ያለው አልዩ አምባ መሸጋገሪያዎቹ ነበሩ፤ መድረሻው የታጁራ ወደብ ነው። የረር ከሞጆ ሩቅ አይደለም፤ ታጁራም ዛሬ ኮንቴይነሮቹ ከሚራገፉበት ከጅቡቲ ማዶ፣ በባሕረ ሰላጤው ሌላኛው ዳርቻ ያለች ከተማ ናት። ያን የሻይ ቤት ጫኝና አውራጅ ሳስብ፣ የሚጭንና የሚያወርድበት መንገድ የእርሱ ዘመዶች ተጭነው ከሄዱበት አቅጣጫ ጋር መገጣጠሙ ልቤን ይከብደዋል።

ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገባች። በ1924 እና በ1931 ሕጎች ወጡ። አባ ጅፋር ግን በዚያን ጊዜ አርጅተው ደክመው ነበር፤ ሥልጣኑ በልጅ ልጃቸው በአባ ጆቢር እጅ ነበር። በ1932 የጅማ ልዩ አስተዳደር አከተመ፤ እርሳቸውም በዚያው ዓመት ወደ አኼራ ሄዱ። ባርነት በሀገሪቱ በሕግ ሙሉ በሙሉ የታገደው ከሞቱ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1942 ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለውን መሪ እንዴት እናስታውሰው? አንዳንዱ ወገን ዘመኑ እንዲያ ነበር ብሎ ይዘጋዋል። በእርግጥ ባሪያ ያልነበረበት ቤተ መንግሥት በዚያ ዘመን አልነበረም፤ የአጼ ምኒልክም ግቢ በባሪያዎች የተሞላ ነበር። ሆኖም በዘመኑ የኖሩት ገዢዎቹ ብቻ አይደሉም። የተሸጠችውም ሴት የዚያው ዘመን ሰው ነች፤ ልጇን ሲነጥቋት በደል መሆኑን ለማወቅ የኛን ዘመን አልጠበቀችም። ደግሞስ የቢላልን ታሪክ በየሰበቡ የምናነሳ እኛ፣ ነፃ ማውጣትን የኃጢአት ማካካሻ ያደረገ፣ የዘካን አንድ ድርሻ ለዚሁ የመደበ፣ ነፃ ሰውን ሸጦ ዋጋውን የበላን በቂያማ ቀን አላህ እንደሚሟገተው ያስጠነቀቀ ዲን ይዘን፣ ዘመኑ ነው በሚል ምክንያት ልናመልጥ እንችላለን?

ሌላው ወገን ደግሞ ስማቸው ከየቦታው ይፋቅ ይላል። ይህም አይረዳም። ስም ቢፋቅ የተሸጡት ሰዎች አብረው ይፋቃሉ እንጂ አይካሱም። አሜሪካኖች ከመጀመሪያው ፕሬዚዳንታቸው ከጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ የባሪያዎቹን ማደሪያ ለጎብኚ ያሳያሉ፤ በአቅራቢያውም መታሰቢያ አቁመውላቸዋል። ዋሽንግተን ግን ዋሽንግተንነቱን አላጣም። ጅሬንን የሚጎበኝ ሰውስ ስለ አዳራሹ ጣውላና ስለ ሰገነቱ ሲሰማ፣ በግቢው ስለ ደከሙት ሰዎች ጭምር ቢነገረው ምን ይጎድላል?

ሙስሊም እንደመሆናችን መጠን ይህን በቅድሚያ መናገር ያለብን እኛ ነን ብዬ አምናለሁ። አማኞች በራሳቸው፣ በወላጆቻቸውና በዘመዶቻቸው ላይ ቢሆን እንኳ ለፍትሕ ሲሉ እንዲመሰክሩ ታዘዋል። የሌላውን ንጉሥ በደል እያጎሉ የራስን ንጉሥ በደል መሸፈን ግን ምስክርነት ሳይሆን ጠበቃነት ነው። በአባ ጅፋር ላይ መፍረድ የአላህ ነው፤ መልካም ሥራቸውን ይቀበላቸው፣ ጥፋታቸውንም ይማራቸው። የኛ ድርሻ ያየነውንና ያነበብነውን ሳንቀንስ መናገር ነው። ይህ ለሙታን ብቻ አይደለም። ዛሬም በየሠርጉና በየመንደሩ የዘር ሐረጉ እየተቆጠረ የባሪያ ልጅ እየተባለ የሚሸማቀቅ ወንድም አለን፤ ዝምታችን ለዚያ ስድብ ዕድሜ ይጨምርለታል።

ያን ቀን ከሞጆ ስነሳ ያን ሰው ፈልጌ አጣሁት። ምናልባት ይህን ጋዜጣ አያነበው ይሆናል። ሾፌሩ ግን ምስሉን ከመስታወቱ እንዲያነሳ አልጠይቀውም። የምጠይቀው፣ ነገ ሌላ መንገደኛ ስለ ምስሉ ቢጠይቀው፣ ስለ ንጉሡ ከነገረው በኋላ ስለዚያች የከፋ ሴትም እንዲነግረው ነው።

ወላሁ አዕለም።