የካርበን ክርን ከስብራት የታደጉት ሉዊስ ላቲመር

ካርበን ፋይበር ሲባል ዛሬ ወደ ብዙዎች አእምሮ የሚመጣው የአውሮፕላን ክንፍና የውድድር መኪና ነው። የካርበን ክር በመጀመሪያ የተፈለገው ግን ለጥንካሬው ሳይሆን ለብርሃን ነበር። ክሩን ለአምፖል ካበቁት ባለሙያዎች አንዱ፣ ከባርነት ካመለጡ ወላጆች የተወለዱት አፍሪካ አሜሪካዊው ሉዊስ ላቲመር ናቸው።

አባታቸው ጆርጅና እናታቸው ሬቤካ በአውሮፓውያኑ 1842 ከቨርጂኒያ ሸሽተው ቦስተን ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ጌታቸው ጆርጅን አሳሰሯቸው። የባርነት ተቃዋሚዎች ከፍተኛ ንቅናቄ ካደረጉ በኋላ በ400 ዶላር ነጻነታቸው ተገዛ።

በ1848 በማሳቹሴትስ የተወለዱት ሉዊስ፣ ገና በ16 ዓመታቸው የእርስ በርስ ጦርነቱን ከሰሜኑ ባሕር ኃይል ጋር ተቀላቀሉ። ከጦርነቱ በኋላ በአንድ የፈጠራ መብት ጠበቆች ቢሮ በተላላኪነት ተቀጠሩ። የንድፍ ሙያን በራሳቸው ጥረት ተምረው የቢሮው ዋና ንድፍ አውጪ እስከ መሆን ደረሱ። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1876 ለስልክ የፈጠራ መብት ባቀረቡት ማመልከቻ ሥዕሎች ላይም ሠርተዋል።

ቀጥሎ የተቀጠሩት የቶማስ ኤዲሰን ተፎካካሪ በነበረው የሃይረም ማክሲም ኩባንያ ነው። በዚያን ጊዜ የአምፖል ክር የሚሠራው ወረቀት ወይም ሌላ የዕፅዋት ውጤት አየር በሌለበት በኃይለኛ ሙቀት ከስሎ ነበር። ካርበን ሙቀትን ይችላል፤ ኤሌክትሪክንም ያስተላልፋል። ነገር ግን ክሩ ሲከስል እየተኮማተረ ይጣመምና ይሰበር ነበር። ላቲመር ክሩን በካርቶን ሽፋን ውስጥ አድርገው አከሰሉት። ሽፋኑ ከክሩ እኩል ስለሚኮማተር ክሩ ቅርጹን ጠብቆ ይወጣል። ለዚህ ዘዴ ጥር 1882 የፈጠራ መብት ተሰጣቸው። በኒውዮርክ፣ በፊላደልፊያና በሞንትሪያል የመብራት ዝርጋታ መርተዋል፤ በለንደንም የአምፖል ማምረቻ አቋቁመዋል።

በ1884 ወደ ኤዲሰን ኩባንያ ተዛውረው በፈጠራ መብት ክርክሮች በባለሙያነት ለፍርድ ቤት መሰከሩ። አባታቸው የሌላ ሰው ንብረት ናቸው ተብለው ታስረው ነበር፤ ልጃቸው ግን አንድ የፈጠራ ሐሳብ የማን ንብረት እንደሆነ ቃላቸው የሚሰማ ባለሙያ ሆኑ። በ1890 ስለ ኤሌክትሪክ መብራት መጽሐፍ አሳተሙ። በ1918 የኤዲሰን የቀድሞ ባልደረቦች ማኅበር ሲመሠረት ብቸኛው ጥቁር አባል እርሳቸው ነበሩ።

ላቲመር በ1928 በኒውዮርክ አረፉ። በአምፖል ውስጥ የካርበንን ክር የተንግስተን ሽቦ ተክቶታል። ጥሬ ዕቃን አየር በሌለበት በኃይለኛ ሙቀት ወደ ካርበን መለወጥ ግን እስከ ዛሬም የካርበን ፋይበር አሠራር መሠረት ነው። የኖሩበት የእንጨት ቤትም በኩዊንስ ሙዚየም ሆኖ ጎብኚዎችን ይቀበላል።