አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ

አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ (ከ1357 እስከ 1418 ዓ.ም. ገደማ) በዐፄ ዳዊት ቀዳማዊና በዐፄ ይስሐቅ ዘመን የኖሩ መነኩሴ፣ መምህርና የግዕዝ ደራሲ ናቸው። የተወለዱት በወሎ ነው።

አባታቸው ሕዝበ ጽዮን የንጉሡን ሰፈር ተከትለው ከሚንቀሳቀሱት የድንኳን ቤተ ክርስቲያን ካህናት አንዱ ነበሩ። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1420፣ የኮሪያው ንጉሥ ሴጆንግ ሊቃውንቱን በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ሰብስቦ ያሠራቸው ነበር። የኢትዮጵያ ነገሥታት ግን ቋሚ ከተማ ስላልነበራቸው ሊቃውንቱም መጻሕፍቱም ከድንኳኑ ጋር ይጓዙ ነበር።

አባ ጊዮርጊስ ለትምህርት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ተላኩ። ገድላቸው እንደሚተርከው ለዓመታት ትምህርት አልገባቸውም፤ እህል በመፍጨት ገዳሙን ያገለግሉ ነበር። በኋላ በእመቤታችን ምልጃ ዕውቀት እንደተገለጠላቸው ይተርካል። ታሪኩ እስከ ዛሬ ትምህርት ለከበዳቸው የቆሎ ተማሪዎች ይነገራል።

ከዚያ በቤተ መንግሥት መምህር ሆኑ፤ ዘርዐ ያዕቆብን ጨምሮ የንጉሡን ልጆች እንዳስተማሩ ይነገራል። ለንጉሥ መቅረቡ ግን ያለ ዋጋ አልነበረም። ቢቱ ከተባለ ሰው ጋር በሃይማኖት ነገር ተከራክረው ተካሰሱ፤ ገድላቸው በዚህ ምክንያት መታሰራቸውንም ይናገራል።

ሌላው የዘመኑ ከባድ ጉዳይ ቀዳሚት ሰንበት ነበር። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜን እንደ እሑድ ያከብሩ ስለነበር ለብዙ ዓመታት ተሰደዋል። አባ ጊዮርጊስ፣ የሐይቅ ተማሪ ሆነው ሳለ፣ ሰንበት እንዲከበር ደግፈው ጻፉ። ጉዳዩ የተወሰነው እርሳቸው ካረፉ በኋላ፣ በ1442 ዓ.ም. ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ በጠሩት ጉባኤ ነው።

ትልቁ ሥራቸው በ1416 ዓ.ም. የተፈጸመው መጽሐፈ ምስጢር ሲሆን፣ ከሰባልዮስና ከአርዮስ እስከ ንስጥሮስና እስከ ቢቱ ድረስ ያሉትን ትምህርቶች እየተነተነ ይከራከራል። ቀላል መጽሐፍ አይደለም። ከዚህ ይልቅ ሕዝቡ የሚያውቃቸው በመጽሐፈ ሰዓታት ነው፤ ሌሊትና ቀን የሚጸለይ ስለሆነ ደራሲውን የማያውቅ ምእመንም ድምፁን ሰምቶታል። አርጋኖነ ማርያም፣ ኆኅተ ብርሃን፣ ውዳሴ መስቀልና ፍካሬ ሃይማኖትም የእርሳቸው እንደሆኑ ይነገራል።

በመጨረሻ ዘመናቸው በወሎ ቦረና በሚገኘው የጋስጫ ገዳም ነበሩ፤ ስማቸውም ከዚያ የመጣ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዕረፍታቸውን ሐምሌ 7 ቀን ታስባለች።