አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘሐይቅ እና ሥዕላዊው ወንጌል

በ16ኛው መቶ ዓመት ሮማን ያላየ አውሮፓዊ የታላቁን ሠዓሊ የራፋኤልን ሥራ የሚያውቀው ከመዳብ ሰሌዳ በታተመ ቅጂ ነበር። ማርካንቶንዮ ራይሞንዲ የተባለው ቀራጭ፥ ራፋኤል በግድግዳ ላይ የሣላትን፥ በግሪኮች ተረት የምትነገረውን ገላቴያን በመዳብ ቀርጾ አባዝቶአታል። ተረቱ ተረት ነው፤ ሥዕል ግን ከዋናው እየተቀዳ ወደ ሩቅ አገር እንዴት እንደሚደርስ ያሳያል። በእኛም አገር፥ ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፥ በአምባሰል አጠገብ በምትገኘው በሐይቅ፥ ያለ ማተሚያ በእጅ ብቻ ይህን የመሰለ ሥራ ተፈጽሞአል።

ሥራውን ያስፈጸሙት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ1214 ገደማ (እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር፤ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ) በዳኅና ተወለዱ። ወደ ደብረ ዳሞ ወጥተው በአበ ምኔቱ በአባ ዮሐኒ እጅ መነኮሱ። ከጾምና ከጸሎት ጋር መጻሕፍትን መገልበጥ ተግባራቸው እንደ ነበረ ገድላቸው ይተርካል። በ1248 ገደማ ወደ ሐይቅ መጡ። ሐይቅ እስጢፋኖስ በዚያን ጊዜ ስመ ጥር ገዳም አልነበረም፤ እርሳቸው ትምህርት ቤት ከፍተው ገዳም አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ለዓመታት ተምረው ነው ወደ ደብረ ዳሞ ያቀኑት።

በ1280/81 ኢየሱስ ሞዓ አራቱን ወንጌላት በሥዕል አስጊጠው ለገዳሙ ሰጡ። ሠዓሊው ሁሉን ከልቡ አላፈለቀም፤ ከምሥራቅ ክርስቲያኖች የመጡ የቀደሙ አርአያዎችን ተከትሎአል። በዚያ ዘመን በነበሩ አንዳንድ የኢትዮጵያ ወንጌላት የስቅለት ሥዕል የጌታን ሥጋ አያሳይም፤ መስቀሉና በጉ ይታያሉ፤ ሊቃውንትም ይህን ጥንታዊ ከሆነ የኢየሩሳሌም ሥዕል ጋር ያያይዙታል። እንግዲህ መገልበጥ ዝቅ ያለ ሥራ አልነበረም። በሐይቁ ወንጌል የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕልም አለ፤ እርሳቸው በሕይወት ሳሉ የተሠራ ነው። መልካቸውን ለማስመሰል የተሣለ ግን አይመስለኝም፤ ቅዱሳን በሚሣሉበት ሥርዓት ነው።

ለካቴኪስቶቻችን አንድ ነገር ላሳስብ። ይኩኖ አምላክ በ1270 የነገሠው በእርሳቸው እርዳታ እንደ ሆነ፥ የሐይቁ አበ ምኔትም ስለዚህ ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ እንደ ተሾመ ገድላቸው ይናገራል። የደብረ ሊባኖስ ትውፊት ግን ንጉሡን የረዱት ተክለ ሃይማኖት ናቸው ይላል። ገድሉ የተጻፈው ኢየሱስ ሞዓ ካረፉ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ነው፤ ወንጌሉ ግን ንጉሡም አበ ምኔቱም በሕይወት ሳሉ ተጽፎአል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን አስቀምጠን ብናስተምር ሕዝባችንን እናሳስታለን፤ እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ አድርጌአለሁ።

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ1292 ገደማ አረፉ፤ መታሰቢያቸው ኅዳር 26 ቀን ነው። በ1531 የአሕመድ ግራኝ ጦር ወደ ሐይቅ በደረሰ ጊዜ የገዳሙ ሀብት ተወሰደ፤ ወንጌሉ ግን ተረፈ። በ20ኛው መቶ ዓመትም ገጾቹ በማይክሮፊልም ተቀዱ።