ማርጋሬቴ ሽታይፍ እና ስምንቱ ዝሆኖች

ቴዲ ቤር የሚባለውን የድብ አሻንጉሊት የማታውቅ እናት ጥቂት ናት። ልጅ ባለበት ቤት አንድ ቀን ከአልጋ ሥር ወይም ከሶፋ ጀርባ መገኘቱ አይቀርም። ይህን አሻንጉሊት ለዓለም ካስተዋወቁት ፋብሪካዎች አንዱን ያቋቋመችው ማርጋሬቴ ሽታይፍ የተባለች ጀርመናዊት ልብስ ሰፊ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በእግሯ መሄድ አትችልም ነበር። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንሁ የሰው ታሪክ ሳነብ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ቁጥሩ ላይ ነው። የእርሷን ታሪክም ለእናንተ ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ ቁጥር ነው፤ ወደ እርሱ እመጣለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማርጋሬቴ የተወለደችው ጁላይ 24 ቀን 1847 በደቡብ ጀርመን ብሬንትስ ወንዝ አጠገብ ባለችው ጊንገን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቷ የግንባታ ባለሙያ ነበር። ከአራት ልጆች ሦስተኛዋ ስትሆን ሁለት ታላላቅ እህቶችና ፍሪትስ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት። ገና የአንድ ዓመት ተኩል ልጅ ሳለች ትኩሳት ያዛት። ትኩሳቱ ሲለቃት ሁለቱም እግሮቿ ሽባ ሆነው ቀሩ፤ ቀኝ እጇም ደከመ፣ ስታነሣውም ያማት ነበር። እኛ ልምሻ የምንለው ፖሊዮ ነው። ያን ጊዜ ክትባት አልነበረም።

የጊንገን ልጆች በትንሽ ጋሪ እየጎተቱ ትምህርት ቤት ያደርሷት ነበር። ደረጃውን ደግሞ ሰው ተሸክሟት ትወጣለች። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ቤተሰቡ አቅሙን አሟጥጦ ሉድቪግስቡርግ ወደሚገኝ ሐኪም ላካት፤ ከዚያም ቪልድባት ወደሚባለው ፍል ውኃ ሄደች። በእኛም አገር ቤተሰብ ፍል ውኃም ጠበልም ብሎ የሚንከራተተው እንዲሁ ነው። ነገር ግን እግሯ አልዳነም። እያደገች ስትሄድ ማርጋሬቴ ራሷ ሌላ መድኃኒት መፈለጉን ተወችው፤ ባላት አካል ምን መሥራት እንደምትችል ወደማሰብ ዞረች። በዚያ ዘመን በአንዲት ትንሽ ከተማ እንዲህ ያለች ልጅ የሚጠብቃት ዕጣ በወላጆቿ፣ እነርሱ ሲያልፉም በወንድምና በእህቶቿ እጅ መኖር ነበር።

ስፌት ትምህርት ቤት እንድትገባ ለመነች። ጥሩ ተማሪ ነበረች ብዬ ባሳምር ውሸት ይሆናል፤ ቀኝ እጇ መርፌ በደንብ አይዝም፣ መጀመሪያ አካባቢ ሥራዋን የሚጨርሱላት እህቶቿ ነበሩ። ቢሆንም አልተወችም፤ በ17 ዓመቷ ልብስ ሰፊ ሆና ወጣች። ዚተር የሚባለውን፣ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ የሚመታ ባለ ብዙ ክር የሙዚቃ መሣሪያም ተምራ ለሌሎች እያስተማረች ገንዘብ ታገኝበት ነበር።

እህቶቿ የልብስ ስፌት ሥራ ሲጀምሩ ማርጋሬቴም አብራቸው ገባች። በጊንገን የመጀመሪያውን የስፌት መኪና የገዙትም እነርሱ ናቸው። ስፌት የምትችሉ እህቶች እንደምታውቁት የመኪናው መዘውር ያለው በስተቀኝ ነው። የእርሷ ደካማ እጅ ደግሞ ቀኙ ነው። ምን አደረገች? መኪናውን አዞረችው። ከኋላው ተቀምጣ መዘውሩ በግራ እጇ በኩል እንዲመጣላት አደረገች። ይህን በወረቀት ላይ ማንበብ ቀላል ነው፤ ቤታችሁ ሲንጀር ካለ ግን አንድ ጊዜ ከጀርባው ተቀምጣችሁ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ለመስፋት ሞክሩ። ጨርቁ የሚሄድበት አቅጣጫ ይገለበጣል፣ መርፌውንም በደንብ አታዩትም። እርሷ ግን ለዓመታት እንጀራዋን የበላችው በዚያ አቀማመጥ ነው።

እህቶቿ አግብተው ሲሄዱ ሥራው በእርሷ ላይ ቀረ። በ1877፣ በ30 ዓመቷ፣ የራሷን የፌልት ልብስ ንግድ ከፈተች። ፌልት ከበግ ጸጉር የሚሠራ ወፍራም ጨርቅ ነው፤ እንደ እኛ ባና አይፈተልም፣ አይሸመንም፤ ጸጉሩ በሙቅ ውኃ ታሽቶና ተጠቅጥቆ እርስ በርሱ ይያያዛል። ሲቆረጥ ጫፉ ስለማይተለተል ለሰፊ ይመቻል። በእናቷ ወገን ያለ ዘመዷ እዚያው ጊንገን የፌልት ፋብሪካ ስለነበረው ጥሬ ዕቃ በቅርብ ታገኝ ነበር። ከዚህ ጨርቅ ለብርድ የሚሆን ጁፖንና የልጆች ካፖርት እየሰፋች ሸጠች። ትእዛዙ ሲበዛባት ሌሎች ሴቶች ቀጠረች።

ሰው ስለ ማርጋሬቴ ሲያወራ ብዙ ጊዜ ይህን ክፍል ዘሎ ወደ አሻንጉሊቱ ይሮጣል። እኔ ደግሞ እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣውን ነገር ሁሉ የመገበው ጁፖኑ ነው።

ዲሴምበር 1879 ማርጋሬቴ በአንድ የፋሽን መጽሔት ውስጥ ትንሽ የዝሆን ቅድ አየች። ቅዱን ተጠቅማ ከፌልት ሰፋችው፤ ሆዱንም በበግ ጸጉር ሞላችው። ያሰበችው የመርፌ መሰኪያ እንዲሆን ነው፤ ልብስ ሰፊ ለሆኑና ለሌሎችም ወዳጆቿ በስጦታ ልትሰጠው። ስጦታው የደረሳቸው ሴቶች ልጆች ግን ዝሆኑን ከእናቶቻቸው እጅ ነጥቀው ይጫወቱበት ጀመር። በዚያ ዘመን የልጅ አሻንጉሊት በአብዛኛው እንጨት፣ ቆርቆሮ ወይም ሸክላ ነው፤ ይሰበራል፣ ይቆርጣል፣ ታቅፈውት አይተኙም። ዝሆኑ ለስላሳ ነው፣ ቢወድቅም አይሰበርም። ማርጋሬቴ ልጆቹን አይታ የመርፌ መሰኪያነቱን ተወችና አሻንጉሊት አድርጋ ትሰፋው ጀመር።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ። በ1880 የሠራቻቸው ዝሆኖች 8 ናቸው።

ስምንት ብቻ! ከአምስት ዓመት በኋላ በ1885 ወደ 600 ገደማ ደረሱ። በ1886 ከ5 ሺህ በላይ ሆኑ። ይህን በሠንጠረዥ ብታስቀምጡት አምስቱ ዓመት ምንም ያልተፈጠረበት ይመስላል፤ ስድስተኛው ላይ በአንድ ጊዜ ይነሣል። እኔ በሥራዬ የፕሮጀክት ሪፖርት ስሞላ በ12 ወር ውስጥ የተገኘውን ውጤት የሚጠይቅ ዓምድ አይቀርም። ማርጋሬቴ በ1880 መጨረሻ ያንን ዓምድ እንድትሞላ ብትጠየቅ የምትጽፈው 8 ነበር፤ ገምጋሚውም ፕሮጀክቱ አዋጭ አይደለም ብሎ ቢዘጋው አይፈረድበትም። ይህን ጽሑፍ ለሚያነቡ ለጋሾቻችን በአክብሮት የማነሣው ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ዝሆኑ እነዚያን ዓመታት እንዴት ተሻገረ ስንል መልሱ ከጁፖኑ ጋር ይያያዛል። የሠራተኛ ደመወዝ፣ የቤትና የማሞቂያ ወጪ የሚሸፈነው ልብስ ተሽጦ በሚገኘው ገንዘብ ነበር። ለዝሆን የሚበቃ ትንሽ ጨርቅ ደግሞ ልብስ በሚሰፋበት ቤት አይጠፋም። ስለዚህ ዝሆኑ ባይሸጥ የምትከስረው ጥቂት ጨርቅና የማታ ጊዜዋን ነው። ከእኛ አባላት መካከል ጥልፍ፣ ሹራብ ወይም የእጅ ሥራ አሻንጉሊት ጀምራችሁ መደበኛ ሥራችሁን ለመልቀቅ የምታስቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ቁጠባ ሂሳባችሁን ስለማይ ደብቃችሁ አትችሉም። ማርጋሬቴ ጁፖኑን ያልተወችው ስለፈራች አይደለም። ዝሆኑ ራሱን እስኪችል የሚያበላው ነገር ያስፈልገው ነበር።

መሸጡ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እርሷ ገበያ መውጣት አትችልም። ዝሆኖቹን በከረጢት ይዞ በአቅራቢያው ወዳለችው ወደ ሃይደንሃይም ገበያ የወረደው ወንድሟ ፍሪትስ ነው፤ ሸጦ ጨርሶ ትእዛዝም ይዞ ተመለሰ። ሥራው ሲሰፋ እርሷ በተሽከርካሪ ወንበሯ የምትገባበትና የምትወጣበት ቤት ያሠራላትም እርሱ ነው። ስለ ማርጋሬቴ ብርታት ብዙ ይወራል፤ ፍሪትስም ግን ሊረሳ አይገባውም። በ1892 የመጀመሪያውን ባለሥዕል ካታሎግ አወጡ፤ ከዝሆን ሌላ ፈረሱ፣ ግመሉ፣ አሳማው፣ ውሻና ድመቱ ገብቶበታል። በ1893 ድርጅቱ በስሟ የፌልት አሻንጉሊት ፋብሪካ ተብሎ ተመዘገበ። አዲስ አሻንጉሊት ሲታሰብ የመጀመሪያውን ናሙና ራሷ እየሰፋች ትፈትሸው ነበር። ቅዱ የሚያስቸግር ወይም ስፌቱ ቶሎ የሚፈታ ከሆነ ወደ ሠራተኞቹ አይሄድም።

ድቡ የመጣው በፍሪትስ ልጅ በሪቻርድ በኩል ነው። ሪቻርድ ሽቱትጋርት ከተማ የሥነ ጥበብ ትምህርት የተማረ ሲሆን እዚያው ባለው የአራዊት ማቆያ እየሄደ ድቦችን ይስል ነበር። በ1897 አክስቱ ድርጅት ገባ። በ1902 እጅና እግሩ፣ ጭንቅላቱም የሚንቀሳቀስ የድብ አሻንጉሊት ሠራ፤ ቆዳው ሞሄር ከሚባለው የፍየል ጸጉር ጨርቅ ነበር። በ1903 ላይፕዚግ ከተማ በተደረገው የአሻንጉሊት ንግድ ትርኢት ላይ ለብዙ ቀን የዞረበት ሰው አልነበረም፤ በመጨረሻው ሰዓት አንድ አሜሪካዊ ገዢ 3 ሺህ ድብ አዘዘ። በቀጣዩ ዓመት ሴንት ሉዊስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን 12 ሺህ ተሸጠ፣ የወርቅ ሜዳልያም ተገኘ።

ቴዲ የሚለው ስም ከአሜሪካ ነው የመጣው። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1902 አደን ወጥተው ታስሮ የቀረበላቸውን ድብ አልተኩስም በማለታቸው የጋዜጣ ካርቱን ተሣለባቸው፤ ቴዲ ደግሞ የቁልምጫ ስማቸው ነው። በዚያው ሰሞን ኒውዮርክ ውስጥ ብሩክሊን ላይ ሱቅ የነበራቸው ሚችተም የተባሉ ባልና ሚስትም የድብ አሻንጉሊት ሠርተው ቴዲ ብለው ሸጠዋል። ስለዚህ ቴዲ ቤርን የፈጠረችው ማርጋሬቴ ብቻ ናት የሚል ካጋጠማችሁ ነገሩ እንዲያ አይደለም።

በ1907 ፋብሪካው ወደ 974 ሺህ ድብ ሠራ። በፋብሪካው ውስጥ 400 ያህል ሠራተኞች፣ በየቤታቸው ሆነው የሚሰፉ ደግሞ 1,800 ያህል ነበሩ። ቁጥሩን ደግማችሁ እዩት፤ ከአምስት ሠራተኛ አራቱ ቤታቸው ነው ያሉት። ልጅ ላላት፣ ከብትና እርሻ ለምትጠብቅ ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከቤቷ ሳትወጣ ገቢ ታገኛለች። በሌላ በኩል ግን ቤት የምትሠራ ሴት ቦታውን፣ መብራቱንና ማሞቂያውን ራሷ ትችላለች፤ ትእዛዝ ሲቀንስ ቀድሞ የሚነካውም እርሷን ነው። እኛም ሥራ ለአባላት ቤት ለቤት ስናከፋፍል የአንዱን ዕቃ ዋጋ የምናወጣው ይህንን ደምረን መሆን አለበት እላለሁ።

በ1903 የተሠራው የፋብሪካ ሕንጻ ዛሬም ጊንገን ውስጥ ቆሟል። ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ብረትና መስታወት ነው፤ ለስፌት ብርሃን ስለሚያስፈልግ ነው እንዲያ የተሠራው። ውስጡ የሚሠሩት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች በመሆናቸው የከተማው ሰው የልጃገረዶች የዓሣ ገንዳ እያለ ይቀልድበት ነበር። ሕንጻው ከዘመኑ የቀደመ እንደሆነ የሥነ ሕንጻ ሰዎች ይመሰክሩለታል።

ገበያው ሲደራ አስመሳዩም በዛ። ፍራንትስ የተባለው ሌላው የወንድሟ ልጅ በ1904 መላ ዘየደ፤ በእያንዳንዱ አሻንጉሊት ግራ ጆሮ ላይ ትንሽ የብረት ቁልፍ እንዲመታ አደረገ። ቁልፉ የሌለው የሽታይፍ አይደለም ማለት ነው። ድቡ ዓለምን በዞረበት በዚያ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቁልፎች ላይ የተቀረጸው ምስል የዝሆን ነበር።

በ1906 ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሆኖ ለወንድሟ ልጆች ጭምር ተላለፈ። እኔ እንደ ሙያዬ ይህን ከወርቅ ሜዳልያው አስበልጬ አየዋለሁ፤ መሥራቿ በሕይወት እያለች፣ በጤናዋ ሳለች ወራሾቹ ተለይተው ወረቀቱ አልቋል። ማርጋሬቴ ሜይ 9 ቀን 1909 በሳንባ ምች በ61 ዓመቷ አረፈች። ሥራው ለአንድ ቀን እንኳ በውርስ ክርክር አልተዘጋም። የተወለደችበት ቤት ጊንገን ውስጥ አሁንም ለጎብኚ ክፍት ነው፤ ፋብሪካውም በስሟ ይሠራል።